ሮማንስ የሚሉት ነገር

ባለፈው ሰሞን የወንድሜ ልጅ እጮኛውን ይዞ ቤቴ መጣ። ቡና ተፈልቶ ጨዋታው ሲደራ ልጅቷ ድንገት ክሷን አቀረበች፦ «ጋሼ፣ ይኼ ልጅዎ እኮ ትንሽም ሮማንስ የሚባል ነገር የለውም!» ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔም የድሮ አመል አልለቅ ብሎኝ «ለመሆኑ ሮማንስ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «እንዴ ጋሼ! ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ አልነበር እንዴ? ሻማ ነዋ፣ አበባ ነዋ...» ብላ ሳቀች።

ጥያቄው ግን ከቡናው በኋላም አልለቀቀኝም። እስቲ እናንተንም ላድርቃችሁ።

ቃሉ ሲወለድ ሻማም አበባም አልነበረውም። ፍቅር እንኳ አልነበረበትም። ምንጩ ላቲን ነው፤ «ሮማኒኬ» ማለትም «እንደ ሮማውያን አነጋገር»። የምዕራቡ የሮማ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የመጽሐፍ ላቲን የቤተ ክህነትና የሕግ ቋንቋ ሆኖ ሲቀር፣ ገበሬውና ነጋዴው አፉ እንዳመጣለት የሚናገረው ከመጽሐፉ እየራቀ ሄደ። ከመራቁም የተነሳ እ.ኤ.አ. በ813 በቱር ከተማ የተሰበሰቡት ጳጳሳት፣ ስብከቱ ለሕዝቡ እንዲገባው በገጠሬው የሮማ ቋንቋ ወይም በጀርመንኛ እየተተረጎመ ይነገረው ብለው ወሰኑ። ያ የገጠሬ ቋንቋ ነው ኋላ ፈረንሳይኛ የሆነው። በሌላው አገር ደግሞ ጣልያንኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛ ሆነ። የቋንቋ ምሁራን ዛሬም «የሮማንስ ቋንቋዎች» የሚሏቸው እነዚህን ነው።

እንግዲህ በጥንቱ ፈረንሳይ አንድን መጽሐፍ «ወደ ሮማንዝ መመለስ» ማለት፣ ላቲን የማያውቅ ሰው እንዲረዳው አድርጎ መጻፍ ነበር። በ12ኛው መቶ ዘመን በዚያ ቋንቋ ከተጻፉት ብዙዎቹ የጀግና ታሪኮች ናቸው፤ የእስክንድር፣ የትሮይ፣ የንጉሥ አርተር። እየዋለ እያደረ የቋንቋው ስም ለታሪኩ ተሰጠ። ጋኑ ስሙን ለጠላው አወረሰ እንደ ማለት ነው።

ከእነዚህ ጸሐፊዎች ስመ ጥሩው ክሬቲየን ደ ትሯ ነው። በአንዱ ድርሰቱ ላንስሎት የተባለው ፈረሰኛ የተጠለፈችውን ንግሥት ሲፈልግ፣ ወንጀለኛ የሚጫንበት ጋሪ ላይ ከወጣ ወሬዋን እንደሚያገኝ ይነገረዋል። ጀግናው ስለ ክብሩ ብሎ ሁለት እርምጃ ያህል ያመነታል፤ ከዚያ ይወጣል። አገር ሁሉ ይሳለቅበታል። ስንት መከራ አልፎ ሲያገኛት ግን ንግሥቲቱ ፊት ትነሳዋለች። ለምን ቢሉ፣ ስላመነታባቸው ሁለት እርምጃዎች! የወንድሜ ልጅ ሆይ፣ አበባ ረሳህ ተብለህ አትከፋ።

ፍቅሩ ወደ ቃሉ የገባው በዚህ በር ነው። ኋላ ፈረንሳዩም ጀርመኑም ሩሲያውም ረጅም ልብ ወለድን «ሮማን» አለው። እንግሊዞች ግን ሮማንስን ለጀብዱና ለምናብ ተረክ አስቀሩት፤ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት «ውሸት» የሚል ፍቺም ጨመረበት። እኛስ ብንሆን ሰው ሲዋሽ «ልብ ወለዱን ተወው» እንል የለ?

ልብ ወለድ ካልን አይቀር፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ፣ በ1900 ዓ.ም. የታተመው የት መሰላችሁ? እዚያው ሮማ! «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚለው ርእሱም የዘርፉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ መጽሐፉን ዛሬ የምናውቀው «ጦቢያ» በሚለው ስሙ ነው። አማርኛ የግእዝ ዘመድ እንጂ እንደ ፈረንሳይኛ የላቲን ልጅነት ያለ ነገር ባይሆንም፣ የታሪኩ አካሄድ ይመሳሰላል፦ መጽሐፍ ለረጅም ዘመን በሊቃውንቱ ቋንቋ ኖሮ፣ በመጨረሻ እናቶቻችን በሚሰሙት ቋንቋ መጣ።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። ይህን ሁሉ ለዓመታት ያስተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ፣ ከገጠር የመጣ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ይቺን ብቻ በአማርኛ ይንገሩን» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑን፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ አስታውሼው ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ሰሌዳው ላይ የምጽፈው የሮማንስን ፍቺ ነበር፤ ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ መናገር የሚለውን! ልጁ ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አያውቅም። የቱር ጳጳሳት ከሺህ ዓመት በፊት የገባቸው ነገር ለእኔ አልገባኝም ነበር። ላንስሎት ሁለት እርምጃ ቢያመነታም ጋሪው ላይ ወጥቷል። እኔን ግን ጋሪው ጥሎኝ ሄደ።

ልጅቷ በሳምንቱ ስትመጣ ይህንኑ ሁሉ አጫወትኳት። «ልጄ፣ ሮማንስ ማለት መጀመሪያ ነገር ሰውን በሚገባው ቋንቋ ማናገር ነው» አልኳት። አሰብ አድርጋ «እሱስ ያናግረኛል ጋሼ፤ ሲያናግረኝም ይገባኛል» አለች። ቀጥላም ሳቅ ብላ፦ «አበባውን ግን ንገሩልኝ።»