የሬዲዮን ቁልፍ ማን ይያዝ? ከአቃቂ እስከ አፍሪስታር

ሬዲዮ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ሥርጭት ይሸጋገር ወይስ አይሸጋገር የሚለው ክርክር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ለመሐንዲሶች ብቻ የተተወ ጉዳይ ይመስላል። የድምፅ ጥራት፣ የጣቢያ ብዛት፣ የኤሌክትሪክ ወጪ ይባልና ይታለፋል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ጥያቄው የቴክኒክ ከመሆኑ በፊት የሥልጣን ጥያቄ ነው። ድምፁን ከተናጋሪው አፍ ወደ አድማጩ ጆሮ የሚያደርሰውን መንገድ የሚቆጣጠረው ማን ነው? ሲከፋውስ መዝጋት የሚችለው ማን ነው? ይህን ለመመለስ ወደ ኋላ ሄዶ ታሪክን መጠየቅ ይሻላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአገራችን የሬዲዮ ታሪክ የሚጀምረው በምፀት ነው። በአቃቂ የተተከለውን ጣቢያ የሠራው አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ሲሆን፣ ምርቃቱ የተከናወነው በጥር 1935 ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሙሶሊኒ ጦሩን በወሰናችን ላይ ሲያከማች፣ ኢትዮጵያ አቤቱታዋን ለዓለም ያሰማችው ኢጣልያኖች በሠሩት በዚሁ ማሠራጫ ነው። እቴጌ መነን በመስከረም 1935 ለዓለም ሴቶች ያቀረቡት ጥሪም በሬዲዮ ተላልፏል። ወደብ ያልነበራት፣ የጋዜጣና የዜና ወኪል አቅሟ እዚህ ግባ የማይባል አገር፣ ድምፅዋን ባሕር ማዶ ለማድረስ የማንንም ፈቃድ መለመን አላስፈለጋትም። ይህን ያስቻለው አጭር ሞገድ የሚባለው የሥርጭት ዓይነት ነው። ሞገዱ ወደ ላይ ተወርውሮ ከከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ላይ ነጥሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያርፋል። በመካከል ያለ መንግሥት በር ላይ ቆሞ ሊፈትሸው አይችልም።

አጭር ሞገድ ይህን ነፃነት ቢሰጥም ማሠራጫው ራሱ መሬት ላይ የቆመ ንብረት መሆኑን ደግሞ በብሥራተ ወንጌል ታሪክ እናያለን። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመውና በየካቲት 1963 በአዲስ አበባ የተመረቀው ይህ ጣቢያ፣ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ኃይል ባላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ከአፍሪካ አልፎ እስከ እስያ ይሰማ ነበር። በመጋቢት 1977 ደርግ ወረሰውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። ማሠራጫዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ማይክሮፎኑን የያዘው እጅ ብቻ ነው። ያው መንግሥት ግን ከውጭ የሚመጣውን ሞገድ እንዲህ በቀላሉ ሊወርሰው አልቻለም። በ1965 የተጀመረውን የጀርመን ድምፅ፣ በ1982 የተጀመረውን የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ፕሮግራም፣ ከበረሃም የሚሰሙትን የሻዕቢያንና የወያኔን ጣቢያዎች ሕዝቡ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ ያዳምጥ ነበር። የሬዲዮኗ ባለቤት ምን እንዳዳመጠ የሚመዘግብ አንድም መሣሪያ አልነበረም።

በበረሃ ሬዲዮ ድል ያደረጉት ኃይሎች ቤተ መንግሥት ከገቡ በኋላ ያው ጥያቄ ተገልብጦ መጣባቸው። በመጋቢት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ፕሮግራም በሩዋንዳው የዘር ፍጅት ቅስቀሳ ከሚታወቀው የሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው፣ መሣሪያው ከተዘጋጀ ሥርጭቱ እንዲታፈን እንደሚያዝዙ በይፋ ተናገሩ። ማፈን ማለት በዚያው ሞገድ ላይ የበረታ ጩኸት መልቀቅ ነው። ለዚህ ብዙ ኃይልና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ተናጋሪውም ሞገዱን ቀይሮ ያመልጣል፤ አድማጩም ቁልፉን እያዞረ ይከተለዋል። አፈናው አሳፋሪ የነበረውን ያህል አድካሚም ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ የአናሎግ ሬዲዮ ትልቁ ፖለቲካዊ ባሕርይ ይኸው ነው፤ መዝጋት ይቻላል፣ ግን ያስከፍላል፣ ደግሞም ይሰማል። የታፈነ ጣቢያ ጩኸቱ ራሱ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ዲጂታሉ እንምጣ። ብዙ ሰው ዲጂታል ሬዲዮ ለአፍሪካ ገና የወደፊት ነገር ይመስለዋል። ሐቁ ግን ሌላ ነው። በአህጉሪቱ ላይ የመጀመሪያውን ታላቅ የዲጂታል ሬዲዮ ሙከራ ያደረገው አዲስ አበባ የተወለደው፣ የኢትዮጵያና የሱዳን ዝርያ ያለው ኖኅ ሳማራ ነው። በ1990 ወርልድስፔስ የተባለውን ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ አቋቋመ። በ1992 በስፔን የተካሄደው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ጉባኤ ለዲጂታል የድምፅ ሥርጭት የሚሆን ሞገድ ሲመድብ መንገዱ ተከፈተለት። በጥቅምት 1998 አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት ወደ ሕዋ መጠቀች፤ በ1999 ሥርጭት ተጀመረ፤ በ2000 ደግሞ ኤሽያስታር ተከተለች። ሐሳቡ ታላቅ ነበር፤ ይህን መካድ ንፉግነት ይሆናል። አንዲት ሳተላይት አፍሪካን በሙሉ ትሸፍናለች፣ በተራራና በሸለቆ የማይደናቀፍ ጥርት ያለ ድምፅ ወደ ገጠር ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ታወርዳለች የሚል ነበርና።

ታዲያ ምን ሆነ? መቀበያውን እንደ ሂታቺ፣ ጄቪሲ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ ያሉ ስመ ጥር ፋብሪካዎች ሠሩት፤ ዋጋው ግን መጀመሪያ ላይ 200 ዶላርና ከዚያ በላይ ነበር። በዚያን ጊዜ የአንድ ኢትዮጵያዊ አማካይ የዓመት ገቢ 150 ዶላር እንኳ አይሞላም። ገበሬው ከገበያ በጥቂት ብር የሚገዛት፣ በሁለት ባትሪ ድንጋይ ሳምንታት የምትሠራ ሬዲዮ እያለችው፣ አንቴናዋን ወደ ሳተላይቱ አቅጣጫ አነጣጥሮ መስኮት አጠገብ የሚያስቀምጣትን ውድ ዕቃ በምን ገንዘብ ይግዛ? ኩባንያውም ገቢ ሲያጣ በአብዛኛው ነፃ የነበረውን ሥርጭት በምስጢር ቁልፍ እያሸገ ወደ ወርኃዊ ክፍያ ዞረ። በ2005 አክሲዮኑን በአሜሪካ ገበያ ለሕዝብ ሸጠ። ደንበኞቹ ግን በጠቅላላው ሁለት መቶ ሺህ አልሞሉም፤ እነሱም አብዛኞቹ ሕንዳውያን ነበሩ፤ ለአፍሪካ ድሃ የታሰበው ለሕንድ ከተሜ ሙዚቃ ወዳድ ሆነ። በጥቅምት 2008 ኩባንያው ኪሳራ አወጀ፤ በ2009 መጨረሻ የሕንድ ደንበኞች አገልግሎት ተቋረጠ። በዚያች ሌሊት ገንዘብ የተከፈለባቸው መቀበያዎች የሚናገሩት አጡ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ የአናሎግ ጣቢያ ቢከስር ሬዲዮኗ ሌላውን ትይዛለች። የወርልድስፔስ መቀበያ ግን የሚሰማው አንዱን ባለቤት ብቻ ነበር። ወርልድስፔስን ያፈነ አምባገነን አልነበረም፤ የዘጋው የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ለአድማጩ ግን ዝምታው ያው ዝምታ ነው። የአሜሪካ ድምፅም ቢሆን በመጋቢት 2025 ጋዜጠኞቹ በዋሽንግተን ትእዛዝ ከሥራ ገበታቸው ሲታገዱ፣ አዲስ አበባ ለዓመታት ስትደክምበት የነበረው ጸጥታ ከምንጩ መጣ።

የዲጂታል ደጋፊዎች ኖርዌይን ይጠቅሳሉ፤ ተገቢም ነው። ኖርዌይ እንደ እኛ ተራራማ ናት፤ በየሸለቆው የኤፍ ኤም ማሠራጫ መትከልና መጠገን እጅግ ውድ ነው፤ ዲጂታሉ ደግሞ በአንድ ማሠራጫ ብዙ ጣቢያ ይሸከማል። በጥር 2017 ከሰሜኑ ኖርላንድ አውራጃ ጀምራ በታኅሣሥ የአገር አቀፍ ጣቢያዎቿን ኤፍ ኤም ዘጋች፤ ከዓለምም የመጀመሪያዋ ሆነች። ሆኖም በዋዜማው በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት 66 ከመቶው ተቃዋሚ፣ ደጋፊው 17 ከመቶ ብቻ ነበር። ትንንሾቹ የአካባቢ ጣቢያዎችም በአብዛኛው ኤፍ ኤም ላይ እንዲቆዩ ተፈቀደላቸው። የስዊስ ብሔራዊ ሬዲዮ በ2024 መጨረሻ ኤፍ ኤምን ሲተው በቀጣዮቹ ወራት አድማጮቹ ቀንሰዋል። እነዚህ የዓለም ሀብታሞች ናቸው፤ ሁለተኛ ሬዲዮ መግዛት የማይቸግራቸው።

አንድ የቆየ ታሪክ ልጨምር። ኤፍ ኤምን የፈለሰፈው አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ ነው። በ1945 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን የኤፍ ኤምን መደብ ወደ ላይኛው ሞገድ ሲያዛውረው፣ በሕዝብ እጅ የነበሩት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ መቀበያዎች በአንድ ውሳኔ ዋጋ አጡ፤ ፈጠራውም ለብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ቀረ። ዛሬ ዲጂታሎች ሊቀብሩት የሚሹት ኤፍ ኤም ራሱ በአንድ ወቅት እንዲህ ዓይነት የቢሮ ውሳኔ ሰለባ ነበር።

ለተቃራኒው ወገንም ፍትሕ መንፈግ አይገባም። ዲጂታል ሥርጭት በባሕርዩ የሰላይ መሣሪያ አይደለም፤ ከማሠራጫ ወደ መቀበያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጓዝ እስከሆነ ድረስ ማን እንደሚሰማ አያውቅም። የከተማችን የኤፍ ኤም መደብም ጠባብ ነው፤ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ2000፣ ሸገር 102.1 በ2007 ከጀመሩ ወዲህ አየሩ እየተጣበበ ሄዷል፤ አዲስ ፈቃድ ጠያቂ «ሞገድ የለም» ሲባል ዲጂታሉ ይህን ሰበብ ያሳጣል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በዲጂታሉ ሥርዓት ብዙ ጣቢያዎች ተጠቅልለው በአንድ ማሠራጫ ይጓዛሉ፤ ጥቅሉን የሚያሥረው አካል የሁሉንም በር ይይዛል። አሥር ጣቢያ ለመዝጋት አሥር በር ማንኳኳት ቀርቶ አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል። ሞገዱ ሲደክምም አናሎግ እየተንሾካሾከ ይሰማል፣ ዲጂታል ግን በድንገት ጭልጥ ብሎ ይጠፋል።

«ሬዲዮ ምን ያደርጋል፣ ሁሉም በስልክ አለ» የሚሉም አሉ። ከሰኔ 2020 መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንት በላይ በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ስልኩ ምን አለን? ከኅዳር 2020 ወዲህ ትግራይ፣ ከነሐሴ 2023 ወዲህ የአማራ ክልል በዚህ ዓይነት ጨለማ ሲከርሙ ከውጭ ድምፅ ይደርሳቸው የነበረው በየትኛው መንገድ ነው? ቢቢሲ በ2018 ለአፍሪካ ቀንድ ቋንቋዎች ሬዲዮ ሲጀምር አጭር ሞገድን የመረጠው ለናፍቆት አልነበረም።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለፖሊሲ አውጪዎቹ በግልጽ አቀርባለሁ። ዲጂታሉን ጨምሩ፤ ለከተማው አየር፣ ለአዳዲስ ፈቃድ ጠያቂዎች ይጠቅማል። የጥቅሉን ማሠራጫ ግን ከመንግሥትና ከአንድ ባለሀብት እጅ ነፃ በሆነ አካል ሥር አድርጉት፤ ፈቃድ የሚሰጠውና ጥቅሉን የሚያሥረው አንድ አይሁን። የአናሎጉን ማሠራጫ ደግሞ፣ በተለይ አጭርና መካከለኛ ሞገዱን፣ የዲጂታል መቀበያ ዋጋ ገጠር ካለችው ሬዲዮ ዋጋ ጋር እስኪስተካከል ድረስ እንዳትነቅሉ።