የመስተዋት እቶንና የጋራ ምርምር

በ1970 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በሚኬላ ስኪፍ ጆርጂኒ የሚመራው የቁፋሮ ጓድ በሰሜን ሱዳን፣ ከዓባይ ምዕራባዊ ዳር፣ ሰዴኢንጋ በሚባለው ስፍራ ከሜሮዌ ዘመን መቃብር ውስጥ የመስተዋት ስብርባሪ አገኘ። ስብርባሪው በተገጣጠመ ጊዜ ሰማያዊ መልክ ያለው፣ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ በወርቅና በቀለም ያጌጠ ጽዋ ሆነ፤ ለሚጠጣበትም ሰው ሕይወትን የሚመኝ የግሪክ ጽሕፈት አለበት። ከእነዚህ ጽዋዎች አንዱ በ1971 በተከፈተው በካርቱም የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ገባ። ይህ ሙዚየም በ2023 በተነሣው ጦርነት ጊዜ መዘረፉ እጅግ ያሳዝናል።

ጽዋዎቹ የተሠሩበት አገር እስከ ዛሬ ያከራክራል። የሚያከራክረውም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን ጥሬው መስተዋት በግብፅና በሶርያ ጠረፍ በጥቂት ስፍራ በታላላቅ እቶን ይቀልጥና ተሰባብሮ በመርከብ ወደ ልዩ ልዩ ከተማ ይላክ ነበር፤ በየከተማው ያለው ባለሙያ ግን በትንሽ ምድጃ አለስልሶ ቅርጽ ይሰጠዋል። ስለዚህ የአንድ ጽዋ አባት አገር ሁለት ሊሆን ይችላል። በእኛም አገር በአክሱም መቃብሮች ውስጥ የመስተዋት ዕቃ መገኘቱን ማስታወስ ይገባል።

ይህ የሥራ ክፍፍል የመጣው ከእሳቱ ጠባይ ነው። አሸዋ ብቻውን ከ1,700 ዲግሪ በላይ ካልጋለ አይቀልጥም፤ ሶዳ ሲጨመርበት ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ኖራ ደግሞ መስተዋቱን ውሃ እንዳያሟሟው ያጸናዋል። ይህም ሁሉ ሆኖ የዘመናችን እቶን እስከ 1,500 ዲግሪ ገደማ መጋል አለበት። የማገዶው ብዛት እንግዲህ የሚያስደንቅ አይሆንም። በ1615 የእንግሊዝ ንጉሥ ለመርከብ የሚሆነው ዛፍ እንዳያልቅ ብሎ መስተዋት በእንጨት እንዳይቀልጥ ከለከለ፤ ሠራተኞቹም ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። የሙራኖ ደሴት ጠበብት በበኩላቸው ጥበባቸውን ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ያስተላልፉ ነበርና አንዱ ያገኘውን ሌላው አያውቀውም፤ ስሕተቱም በየቤቱ እንደ አዲስ ይደጋገም ነበር።

ታላቁ ለውጥ የመጣው ከሲመንስ ወንድማማች ነው። ፍሪድሪኽ በ1856 ባወጣው ፈጠራ ከእቶኑ የሚወጣው የጋለ ጢስ ወደ ሰማይ በከንቱ ከመሄዱ በፊት በጡብ በተሞላ ክፍል ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ። ጡቡ ይግላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የነፋሱ አቅጣጫ ይገለበጥና ወደ እሳቱ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር በጋለው ጡብ በኩል ያልፋል። የእኛ ጋጋሪ ምጣዱ ሳይበርድ ሌላ እንጀራ እንደምትጥልበት ያለ ነው፤ ልዩነቱ ሲመንስ ይህን ያደረገው በጢስ መሆኑ ነው። ወንድሙ ዊልያም ሥራውን በእንግሊዝ አገር አስፋፋ፤ ማይክል ፋራደይም በ1862 ለንደን ላይ በዚሁ እቶን ጉዳይ ንግግር አደረገ።

ሳይንስና የእጅ ሙያ በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡት ግን በዬና ከተማ ነው። በ1879 ኬሚስቱ ኦቶ ሾት ያቀለጠውን ናሙና ለፊዚክስ ሊቁ ለኤርንስት አቤ ላከለት፤ አቤ ለካው፣ ሾትም ደግሞ አቀለጠ። በ1884 የጋራ ላቦራቶሪ አቋቋሙ። ከዚያም ወዲህ ጥሩ የማይክሮስኮፕ መስተዋት የሚገኘው ከጀርመን ስለ ሆነ፣ በ1914 ጦርነት ሲነሣ እንግሊዝ ባዶ እጇን ቀረች። ዊልያም ተርነር በ1915 በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ የመስተዋት ትምህርት ክፍል፣ በ1916 ደግሞ የመስተዋት ቴክኖሎጂ ማኅበር ያቋቋመው በዚህ ችግር መካከል ነው። በገበያ ተፎካካሪ የሆኑ ባለ ፋብሪካዎች በማኅበሩ ስብሰባ ስለ እቶንና ስለ ማገዶ ተነጋገሩ። በ1933 የዓለም አቀፉ የመስተዋት ኮሚሽን ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ይኸው ተርነር ሆነ።

በ1990ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የኃይል መሥሪያ ቤት ከመስተዋት ኩባንያዎች ጋር ተባብሮ ካስመረመራቸው ነገሮች አንዱ እሳቱን በአየር ፋንታ በኦክሲጅን ማንደድ ነው። ከአየር አምስት እጅ አራቱ ያህል ናይትሮጅን ስለ ሆነ፣ ለመቃጠል የማይረዳውን ነገር ማሞቅ ከንቱ ድካም ነው። ይሁን እንጂ ኦክሲጅኑን ለመለየት ኤሌክትሪክ ይፈጃልና ትርፉ እንደየአገሩ ዋጋ ይለያያል።

ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ ስብርባሪን መልሶ ማቅለጥ ነው፤ ከሚቀልጠው ላይ አንድ አሥረኛው ስብርባሪ ሲሆን ከሚፈጀው ኃይል ከመቶ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት ያህል ይቀንሳል። ይህን ጥንታውያንም ሳያውቁት አልቀሩም። በ11ኛው መቶ ዓመት በቱርክ ጠረፍ በሰርቼ ሊማኒ የሰጠመች መርከብ በ1970ዎቹ ስትመረመር፣ ከጭነቷ ሦስት ቶን ያህሉ እንደገና ሊቀልጥ የተላከ መስተዋት ሆኖ ተገኘ።