የሳሱ ወርቅ

በ6ኛው ምእት ዓመት፣ ዐፄ ካሌብ በአክሱም በነገሠበት ዘመን የወደብ ከተማዋን አዱሊስን ያየው ነጋዴው ኮስማስ ጽፎ እንዳቆየልን፣ ንጉሡ በአገው ገዥ አማካይነት በየሁለት ዓመቱ ወደ ወርቃማዪቱ የሳሱ ምድር የሚልካቸው ሰዎች፣ አብረዋቸው ከሚጓዙ ነጋዴዎች ጋር ከ500 የሚበልጡ ሆነው፣ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይወርዱ ነበር። ከስፍራው ሲደርሱ በእሾህ አጥር ተከልለው ይሰፍራሉ፤ በሬውን አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረቱ ጋር በእሾሁ ላይ ያኖራሉ፤ የአገሩም ሰው ቀርቦ የግብጦ ፍሬ የመሰለውን የወርቅ እንክብል ከወደደው ዕቃ ላይ አኑሮ ይርቃል። ባለዕቃው ዋጋው ደስ ካሰኘው ወርቁን ያነሣል፤ ካላሰኘው ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ባለወርቁ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል።

አስተርጓሚ በሌለበት በዚያ ገበያ ባለአገሩ እሺም እምቢም ለማለት ሥልጣን ነበረውና፣ ዛሬ ወርቅ ፍለጋ ከርሠ ምድርን በመሰርሰሪያ የሚመረምር ሁሉ ይህን ጥንታዊ ሥርዓት ሊያከብር ይገባዋል።