የሞተር ጀልባን ሐይቅ ላይ ማክረም

ጀልባን ከየጉዞው በኋላ ወደ የብስ ከማውጣት ይልቅ ወቅቱን ሙሉ ጨው አልባ ውኃ ላይ አስሮ ማቆየት ነው። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ወቅቱ ከፀደይ እስከ መከር ይዘልቃል፤ በረዶ ሳይመጣ ጀልባዎቹ ይወጣሉ።

የሐይቅ ውኃ ጨው ስለሌለው ገር ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ከባሕር ውኃ ይልቅ ወደ ፋይበርግላስ በቀላሉ ስለሚሰርግ የጀልባዋን ሆድ ውኃ ያቋጥረዋል። ቋጠሮው ሲፈነዳ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣል። መከላከያው አስቀድሞ ደረቅ ሳለ ኢፖክሲ መቀባት ነው። ሞተሩን ከመበላት ለማዳን የሚገጠመው፣ በእሱ ፈንታ የሚበላ ብረትም ይለያል፤ ለባሕር የሚሆነው ዚንክ ሐይቅ ውስጥ ቅርፊት አውጥቶ ስለሚደነዝዝ ማግኒዥየም ይመረጣል።

በ1988 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካው ሴንት ክሌር ሐይቅ የተገኘው ዜብራ መሰል የተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያ ይደፍናል። ስለዚህ ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ሥራ ሲፈታ ከውኃው ቀና ተደርጎ ይታሰራል። በጣና ደግሞ ፕሮፔለር ላይ የሚጠመጠመው እምቦጭ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ባትሪ ነው፤ እሱ ከሞተ የዝናቡን ውኃ የሚቀዳው ፓምፕ ይቆማል፣ ጀልባዋም እንደታሰረች ትሰጥማለች።