ዋናውና ግልባጩ

የፒያሳው አትክልት ተራ ከመነሳቱ በፊት፣ ከገበያው ዳር በነበረ አንድ ጭማቂ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ ወዳጅ ነበረኝ። እሱ አራት ኪሎ ሥነ ሕይወት ያስተምራል፤ እኔ በዚያን ጊዜ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩ። ዘመኑ 1998 ዓ.ም. ግድም ነው። አንድ ቅዳሜ እስፕሪሴን ከፊቴ አስቀምጬ፣ ከብርጭቆው አፍ አልነሳ ያለችኝን ትንኝ በጋዜጣ ልላት ስሰነዝር እጄን ያዘኝ።

«ተዋት እባክህ! ዓለም ስለ ዘር ከሚያውቀው እኩሌታውን ያስተማረችው እሷ ናት» አለኝ።

ትንኝ ያልኳት የፍራፍሬ ዝንብ ኖራለች። ቁመቷ ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከበሰበሰ ሙዝ፣ ከጠላ ጣሳ፣ ከብርሌ አፍ የማትጠፋው ያቺው ናት።

እኔ ግን የዚያን ቀን ለዝንብ የሚሆን ትዕግሥት አልነበረኝም። በሳምንቱ ውስጥ አንዲት ተማሪ አናድዳኝ ነበር። በሰዋስው ፈተና ላይ «ቤት አለህ፤ መኪና አለህ፤ ልብስ አለህ?» የሚል ዓረፍተ ነገር አስፍሬ፣ ከመጨረሻው ሐረግ ስሙን ለይታችሁ አውጡ ብዬ ጠይቄአለሁ። መልሱ «ልብስ» ነው። ልጅቷ «ልብ» ብላ ጻፈች። ፊደል የዘለለች መስሎኝ በቀይ «ስተሻል» ብዬ አለፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስላት ቢሮዬ ድረስ መጣች። «መምህር፣ ‹ስ› እኮ ቅጥያ ናት። ቤትም መኪናም አለህ፣ ለመሆኑ ልብስ አለህ ወይ? ማለት ይሆናል» አለችኝ። ጥያቄው የእኔ ነው፣ መልሱንም የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ መለስኳት።

ወዳጄ ይህን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። «ልጅቷ እኮ የነገረችህ የዝንቧን ታሪክ ነው» አለና ጀመረልኝ።

ታሪኩ ኒውዮርክ ይጀምራል። ቶማስ ሃንት ሞርጋን የሚባል ሊቅ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ዝንብ በጠርሙስ ያረባ ነበር። በ1902 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1910) ከቀይ ዓይናሞቹ መካከል አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ ብቅ አለ። እዚህ በእኛ አገር ምኒልክ ታመው፣ እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ገለል የተደረጉበት፣ አራዳ ላይ የከፈቱት ሆቴልም ገና ጥቂት ዓመት ያስቆጠረበት ጊዜ ነው። ሞርጋን የዚያን ነጭ ዓይናም ልጆችና የልጅ ልጆች ቆጥሮ፣ ዘረ መል የሚባለው ነገር ክሮሞዞም ላይ የተቀመጠ መሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይንቲስቱ ሁሉ «አንድ ዘረ መል፣ አንድ ፕሮቲን፣ አንድ ሥራ» እያለ ኖረ። ልክ እንደ እኔ፦ አንድ ቃል፣ አንድ መልስ።

ይህን እምነት ያናጋው እ.ኤ.አ. የ1977 ግኝት ነው። በእኛ 1969 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ልጆቿን የምትቀብርበት፣ እኔም ፊደል የምቆጥርበት ዘመን። አሜሪካ ውስጥ በፊሊፕ ሻርፕና በሪቻርድ ሮበርትስ የሚመሩ ሁለት ቡድኖች፣ በአንድ ቫይረስ ላይ ሲሠሩ፣ ዘረ መል እንደ ክር የተያያዘ ጽሑፍ ሳይሆን በየመሐሉ ባዕድ የሚመስል ቁራጭ የገባበት መሆኑን ደረሱበት። ሁለቱ ሰዎች በ1993 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተካፈሉበት።

ነገሩን ማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ዋናው ሰነድ መዝገብ ቤት ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ለባለጉዳይ የሚወጣው ግልባጩ ነው። ሕዋስም እንዲሁ ነው። ዋናው ዲ ኤን ኤ ከመዝገብ ቤቱ አይወጣም፤ አር ኤን ኤ የተባለ ግልባጭ ይገለበጥለታል። ግልባጩ ፕሮቲን ወደሚሠራበት ቦታ ከመውጣቱ በፊት ታዲያ የማይፈለገው ተቆርጦ ይጣላል፤ የቀረው እርስ በርሱ ይቀጠላል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አቆራረጡ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ከአንዱ ዋና የወጣው ግልባጭ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ በኩል ሊቆረጥ ይችላል። የፍራፍሬ ዝንብ ፕሮቲን የሚሠሩላት ዘረ መሎች ወደ 14,000 ገደማ ናቸው፤ የሰው ልጅ ደግሞ 20,000 ያህል። በቁጥር ብዙም አልራቅናትም። ልዩነቱን ከሚያሰፉት ነገሮች አንዱ መቀሱ ነው።

መቀሱ ከሁሉ በላይ ጉልበት የሚኖረው አዛዦቹ ላይ ሲያርፍ ነው። ፕሮቲኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ የላቸውም። አንዳንዶቹ ከዋናው መዝገብ ላይ የተወሰነ ቦታ ይዘው «ከዚህ ግልባጭ ይውጣ»፣ «ከዚህ አይውጣ» እያሉ የሚያዝዙ ናቸው። ተራ ፕሮቲን አቆራረጡ ቢለወጥ አንድ ሠራተኛ ይለወጣል። የአዛዡ ሲለወጥ ግን ከሥሩ ያለው መሥሪያ ቤት በሙሉ ይለወጣል።

ደብልሴክስ የሚባለው ዘረ መል የዚህ ዋና ምስክር ነው። ስሙ «ሁለት ጾታ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ ጥናት፣ ይህ ዘረ መል የተበላሸበት ዝንብ ወንድም ሆነ ሴት ሳይለይለት በመካከል እንደሚቀር አሳይቶ ነበር። ታዲያ ያው አንዱ ዘረ መል ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት የሚያደርገው እንዴት ነው? በ1989 (እ.ኤ.አ.) ኬኔት በርቲስና ብሩስ ቤከር መልሱን ይዘው መጡ። ከግልባጩ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ለሁለቱም ጾታ አንድ ናቸው። ሴቷ አራተኛውን ትቀጥላለች። ወንዱ አራተኛውን ዘልሎ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ይቀጥላል። ስለዚህ ከአንዱ ዘረ መል ራሳቸው አንድ፣ ጅራታቸው ለየቅል የሆነ ሁለት አዛዦች ይወጣሉ።

ዲ ኤን ኤውን የሚጨብጠው ራሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱም የሚይዙት ያንኑ ቦታ ነው። ጅራቱ ግን ትእዛዙን ይገለብጠዋል። የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን የሚሠሩትን ዘረ መሎች ብናይ፣ የሴቷ አዛዥ ቦታውን ይዞ «ሥሩ» ይላል፤ የወንዱም ያንኑ ቦታ ይዞ «አትሥሩ» ይላል። ሁለት የጥንት የአራዳ ዘበኞች አንድ ዓይነት ቁልፍ ይዘው አንዱን ሱቅ ሲጠብቁ፣ አንደኛው ይከፍታል፣ ሌላኛው ይቆልፋል እንደ ማለት ነው። «ልብስ» እና «ልብስ» ማለትም ይኸው ነው፤ ራሱ አንድ፣ ልዩነቱ ከጅራቱ።

«ቆራጩስ ማነው?» አልኩት ወዳጄን።

እሱም ሌላ አዛዥ አለው። ትራንስፎርመር የተባለው ፕሮቲን የሚሠራው በሴቷ ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ከረዳቱ ጋር ሆኖ አራተኛው ክፍል እንዲያዝ ያደርጋል። እሱ ከሌለ ግልባጩ በወንድ አቆራረጥ ይወጣል። የሚገርመው፣ የትራንስፎርመር የራሱ ግልባጭም ከእሱ በላይ ባለ ሌላ አዛዥ መሪነት የሚቆረጥ ነው። ለካ ቢሮክራሲውን የጀመርነው እኛ አይደለንም!

ይህ ሰውነት ላይ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። ያኔ ስንጨዋወት ገና ትኩስ ወሬ የነበረው እ.ኤ.አ. በ2005 ከቪየና የወጣው ጥናት ነው። ኤብሩ ደሚርና ባሪ ዲክሰን ፍሩትለስ የተባለውን ሌላ አዛዥ ዘረ መል ወስደው፣ በሴት ዝንቦች ውስጥ ግልባጩ በወንድ አቆራረጥ እንዲወጣ አደረጉ። ሴቶቹ እንደ ወንድ ሌሎች ሴቶችን እየተከተሉ ማባበል ጀመሩ። «ዝንብ ዝንብ ናት፣ ሰው ሰው ነው፤ ይህን አንስተህ ጋዜጣ ላይ ስለ ሰው እንዳትፈላሰፍበት» ብሎ አስጠንቅቆኛል። ቃሌን ጠብቄአለሁ።

ከዚያ ወዲህ የእኛው አገር ዝንቦችም ታሪክ ውስጥ ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ከዚህ ዝርያ ከተመዘኑት ሁሉ ጠቆር ያሉት የኢትዮጵያ ደገኞች መሆናቸውን አስነበበ። በ2021 ደግሞ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች፣ ሰላሌ ፍቼ አካባቢ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚኖሩትን ከጋምቤላ ቆለኞች ጋር አነጻጸሩ፤ የሌሎች አገሮችንም ብርድ የለመዱና ያልለመዱ ዝንቦች አብረው አዩ። የመረመሩት የትኛው ዘረ መል በዛ፣ የትኛው አነሰ የሚለውን ብቻ አይደለም። ግልባጮቹ የት የት እንደሚቆረጡም ለክተዋል። ብርድን መልመድ ዋናው ላይ አዲስ ቃል በመጨመር ብቻ ሳይሆን፣ ያለውን በሌላ አቆራረጥ በማንበብም ሊመጣ ይችላል የሚል ጥያቄ ነው የያዙት። የሰላሌ ትንኝ እንዲህ ትጠናለች ብሎ ማን ጠርጥሮ!

ይህን ሁሉ ሳስብ የምመለሰው ወደ አንድ ነጥብ ነው። ሕዋስ የሚቆርጠው ግልባጩን እንጂ ዋናውን አይደለም። ሴቷ ውስጥ የወንዱ ክፍል አለ፤ አልተነበበም እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ያው ጽሑፍ ለሚቀጥለው ትውልድ ሙሉውን ይተላለፋል፤ እሱም በራሱ አቆራረጥ ያነበዋል።

እኛስ? ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ገበያውን ከአራዳ ወደ ምዕራብ ገፋ፤ ሰፈሩን ፒያሳ አለው፤ የምኒልክንም ሐውልት ከቆመበት አነሳ። ሐውልቱ ግን ተደበቀ እንጂ አልቀለጠም። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ሊቆም የቻለው ዋናው ስለነበረ ነው። «አራዳ» የሚለው ስምም አልሞተም፤ ሰፈርም ሆኖ፣ ብልጥ ሰውም ሆኖ፣ ዛሬ ክፍለ ከተማም ሆኖ በየጅራቱ ይኖራል። ያ ጊዜ ክፉ አቆራረጥ ነበር፤ ዋናው ስለተረፈ ግን መልሶ ማንበብ ተቻለ።

አትክልት ተራው በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ሄደ፤ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈረሰ። አዛኝ ቅቤ አንጓች መሆን አልፈልግም። እዚያ ቤቶች ውስጥ የኖረ ሰው የሚያፈሰውን ጣሪያና የጋራውን መጸዳጃ ያውቀዋል፤ ሰፊ መንገድም አይጠላም። ከተማም እንደ ዝንብ አዲስ ዘመን ሲመጣበት በአዲስ አቆራረጥ መነበብ አለበት። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያ ሁሉ ግቢ፣ ያ ሁሉ በረንዳ ሲነሳ፣ ልኩን፣ ፎቶውን፣ የኖረበትን ሰው ቃል የያዘ መዝገብ ከኋላው ተቀምጧል ወይ? ከተቀመጠ የነገ ሰው የራሱን ንባብ ያነባል። ካልተቀመጠ የተቆረጠው ግልባጩ ሳይሆን ዋናው ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስና ላብቃ። ወዳጄ የዚያን ቅዳሜ «ፊደሉ ይፈቅድላታል ወይስ አይፈቅድላትም?» ብሎ ሲያፋጥጠኝ ይፈቅዳል ማለቴ አልቀረም። ነጥቧን ላስተካክል ብዬም ወሰንኩ። ግን ኮራሁ፤ ዛሬ ነገ እያልኩ አንድ መንፈቅ አለፈ። በመጨረሻ ቆርጬ ስሄድ የዚያ ዓመት የፈተና ወረቀቶች ተወግደው ደረስኩ። የቀረው የነጥብ ዝርዝሩ ነበር። ከወረቀቱ ጋር ሳላስተያይ ነጥብ መለወጥ አይቻልም ተባልኩ፤ ሕጉም ልክ ነው።

ዋናው የለም፤ ያለው ግልባጩ ብቻ ነው። ግልባጩ ደግሞ እስከ ዛሬ «ስተሻል» ይላል።