ዛፍ የማትወጣው የዛፍ እንቁራሪት

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በሣር መሬትና በረግረግ ዳር የሚኖሩ ትናንሽ እንቁራሪቶች በሳይንሳዊ አመዳደብ ከአፍሪካ የዛፍ እንቁራሪቶች ወገን ይቆጠራሉ፤ ይሁን እንጂ ዛፍ ላይ አይወጡም። እነዚህ እንቁራሪቶች ለረጅም ዘመን ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ በሚል አንድ ስም ሲጠሩ ቆይተዋል። ስሙን በ1898 እ.ኤ.አ. የሰጠው የእንስሳት ሊቁ ጆርጅ አልበርት ቡሌንጀር ነው።

እንስሳት የሚመደቡት በዝምድናቸው እንጂ በመኖሪያቸው አይደለም። ሌፕቶፔሊስ የተባለው ወገን ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል ብቻ የሚገኝ ሲሆን ከ50 በላይ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ በጣቶቻቸው ጫፍ ባለው ሰፋ ያለ መያዣ አማካይነት ቅርንጫፍ ላይ ይወጣሉ። የደጋዎቹ እንቁራሪቶች ግን በምድር ላይ ይኖራሉ፤ አፈር ቆፍረውም ይደበቃሉ። በባሌ ተራሮች ከ3 ሺህ 500 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ጭምር ይገኛሉ።

በኢትዮጵያ ሌሎች የወገኑ አባላትም አሉ። ሌፕቶፔሊስ ራጋዚ በስምጥ ሸለቆ ግራና ቀኝ ባሉ ደኖች፣ ሌፕቶፔሊስ ቫኑቴሊ በደቡብ ምዕራብ ደኖች፣ ሌፕቶፔሊስ ሱሳኔ በጋሞ ተራሮች፣ ሌፕቶፔሊስ ያልዴኒ ደግሞ በጎጃም ይኖራሉ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በ1977 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ማልኮም ላርገን ነው።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በቤተ መዘክር የተቀመጡ ጥንታዊ ናሙናዎችን የዘር ቅንጣትና የአካል መጠን በመመርመር፣ ግራሚኒየስ በሚል ስም የተጠቃለሉት እንቁራሪቶች አንድ ዝርያ እንዳልሆኑ አሳይቷል። ለዚህ መለያየት አንዱ ምክንያት የመልክዓ ምድሩ አቀማመጥ ነው፤ ብርድና እርጥበት የለመደ የደጋ እንስሳ ሞቃቱንና ደረቁን የስምጥ ሸለቆ ወለል በቀላሉ አይሻገርም።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዝርያው አንድና በመላው ደጋ የተሰራጨ ሲመስል፣ አንድ ረግረግ ቢደርቅ እንቁራሪቷ በሌላ ቦታ ትተርፋለች ተብሎ ይታሰባል። እያንዳንዱ ዝርያ በጠባብ አካባቢ የሚወሰን ሲሆን ግን የመኖሪያው መጥፋት የዝርያው ፍጻሜ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ወገን እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በውኃ አጠገብ ባለ እርጥብ አፈር ውስጥ ነው፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ወደ ውኃው ይገባሉ። ስለዚህ ኩሬው ብቻ ሳይሆን የኩሬው ዳርም ሳይታረስና ኬሚካል ሳይነካው መቆየቱ ለሕልውናቸው ወሳኝ ነው።