«በስህተት» የተጋገረው ኩኪስ

አሜሪካ በሄድኩ ጊዜ የእህቴ ልጅ በከባድ የብረት መጥበሻ ሙሉ አንድ ትልቅ የቸኮሌት ኩኪስ ጋገረችልኝ። ዳሩ ደረቅ፣ መሀሉ ለስላሳ። (ወፍራም ብረት የያዘውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ የእኛም ምጣድ ጠባዩ ይኸው አይደል?)

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በስህተት የተገኘ ነው» አለችኝ።

ኩኪሱ ተዋጠልኝ፤ ወሬው ግን አልተዋጠልኝም። ሩት ዌክፊልድ የተባለች የማሳቹሴትስ ሴት ቸኮሌት ሰባብራ ሊጥ ውስጥ ጨመረች፤ ይቀልጣል ስትል እምቢ አላት ነው የሚባለው። እሺ፣ ሴትዮዋ ማን ናት? እ.ኤ.አ. በ1924 በቤት አያያዝ ሙያ ተመርቃ ያስተማረች፣ ከ1930 ጀምሮ ከባሏ ጋር ዊትማን ከተማ ውስጥ ቶል ሃውስ የተባለውን ቤት ከፍታ እንግዳ ያበላች፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ያሳተመች ባለሙያ! ኩኪሱም በ1938ቱ እትም ውስጥ ሰፍሯል። እንዲህ ያለች ሴት ቸኮሌት ሊጥ ውስጥ ምን እንደሚሆን ጠፍቷት ነው? እሷ ራሷ በኋላ ስትጠየቅ፣ ደንበኞቿ ከአይስክሬም ጋር ከለመዱት ኩኪስ ለየት ያለ ልታቀርብላቸው አስባ እንደሠራችው ተናግራለች።

ወንድ ቢሆን «ተመራምሮ አገኘ» ይባልለት ነበር። እኛስ ብንሆን? የእናቶቻችንን ሙያ «እጇ ይጣፍጣል» እያልን ለእጃቸው ሰጥተን፣ ጭንቅላታቸውን ዘለነዋል።

ይህን ሁሉ ተርኬ ሳበቃ መጥበሻው ባዶውን ነበር።